ሚልካ ቴኳንዶ ስትጀምር

ማናሴ ልጁን ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ደረጃ የሚያወጣት ተሸክሞ ነበር። መራመድ አቅቷት አይደለም። ቤታቸው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሚልካ ታችኛው ደረጃ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆምና ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። አባቷም ከሞጆ ደረቅ ወደብ የትራንዚተርነት ሥራው ተንገላቶ ቢመጣም፣ ቦርሳውን ወደ ጀርባው አዙሮ ብድግ ያደርጋታል። እየከበደች ስትመጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ማረፍ ጀመረ። የሚያርፈው እሱ ነው፤ "ደከመሽ እንዴ?" ተብላ የምትጠየቀው ግን እሷ ነበረች።

ሚልካ ስትወለድ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረባት። ጡት ስትጠባ ግንባሯ በላብ ይጠመቃል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ሌሎች ሕፃናት ሲደነድኑ እሷ ትመነምናለች። እናቷ ሶፊና ማናሴ ወረፋ ጠብቀው፣ ዘመድ አስቸግረው፣ አዲስ አበባ ተመላልሰው፣ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቀዳዳው ተደፈነ። ያን ዕለት ሶፊ ኮሪደሩ ጥግ ተንበርክካ ስትጸልይ፣ ማናሴ መጸለይም ስላቃተው የጫማውን ክር እየፈታ ሲያስር ዋለ። ሐኪሙ ዶክተር ኪዳነወልድ ወጥቶ "በጥሩ ሁኔታ አልቋል" ሲለው፣ ማመስገን የሚገባው ሰው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ለክትትል ወሰዷት። አምስት ዓመት ሞልቷት በሄዱበት ጊዜ ዶክተሩ ምርመራውን ሁሉ አይቶ ሲጨርስ፣ ሚልካ ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም ልጅ እንደሆነች፣ ብትሮጥም ብትዘልም ብትወድቅም የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ሶፊ ይህን ሰምታ ወደ አዳማ እስኪመለሱ ድረስ መኪና ውስጥ ስትዘምር መጣች። ማናሴም ሰምቷል። ግን ጆሮው የሰማውን ሌላው አካሉ አልተቀበለውም። ቤት ሲገቡ ተሸክሟት ደረጃውን ወጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሚልካ አደገች። ብስክሌት አልተገዛላትም። ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሌሎቹን ልጆች ሹራብ ትይዛለች። ሰፈር ውስጥ አባሮሽ ሲጀመርና "ነይ!" ሲሏት፣ አንድ ሰው እንዳስጠናት ሁሉ "እኔ ልብ አለብኝ" ትላቸዋለች። ልጆቹም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባይገባቸውም ትተዋት ይሮጣሉ። ማናሴ ይህን መልሷን አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆኖ ሲሰማ ደስ አለው፤ ራሷን መጠበቅ ተምራለች ብሎ።

ሶፊ ከቤታቸው ብዙ የማይርቅ ቦታ ላይ የልጆች ልብስ መሸጫ ሱቅ አላት። ከሱቁ በስተጀርባ፣ በፊት የእህል መጋዘን የነበረ ሰፊ አዳራሽ አለ። በዚያ ዓመት እሱን አንዲት የቴኳንዶ አሰልጣኝ ተከራየችው። ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የጩኸታቸው ድምፅ በግድግዳው ያልፋል። ሚልካም ከትምህርት ቤት መልስ የምትቆየው እናቷ ሱቅ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር፤ ቀጥሎ በሩ ላይ ቆማ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ሶፊ ደንበኛ ሸኝታ ዘወር ስትል፣ ልጇ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ኋላ ተደብቃ እግሯን እያነሳች ስትራገጥ አየቻት። የእግሯ ጥፍር የአንዱን ቀሚስ ጫፍ ይዞ ቀደደው። ሚልካ መያዟን ስታውቅ ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ትንሽ ነው የዘለልኩት" አለች።

ሶፊን ያሳዘናት የተቀደደው ቀሚስ አልነበረም። ልጇ ስለ ዘለለች ይቅርታ መጠየቋ ነው።

በማግስቱ ዶክተር ኪዳነወልድ ጋ ደወለች። ዶክተሩ አንድ ጊዜ አምጪያትና ልያት አላት፤ ሶፊም ለሱቁ ልብስ ልታመጣ እንደምትሄድ ለማናሴ ነግራ፣ ሚልካን ይዛ አዲስ አበባ ደርሳ ተመለሰች። ምርመራው ሁሉ ደህና ነበር። አሰልጣኟ ራሷ ደግሞ ከዶክተሩ ጋር በስልክ ሳልነጋገር አልቀበላትም ስላለች፣ ሁለቱ ተነጋገሩ። ከዚያ ሚልካ ነጭ ልብስ ለበሰች። ለማናሴ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ሶፊ ነገ እነግረዋለሁ ስትል፣ ነገ ሲደርስ ደግሞ ደክሞታል ስትል፣ ሳምንታት አለፉ።

ማናሴ ያወቀው ሥራው ቀደም ብሎ ያለቀ ዕለት ነው። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሶፊ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትመልስ ቀሚስ ማጣጠፍ ጀመረች። "ሚልኪስ?" አላት። ሶፊ በአገጯ ወደ አዳራሹ አመለከተች።

ከአዳራሹ በር ላይ ሲቆም ልጆቹ በሦስት መስመር ተሰልፈዋል። ልጁን ወዲያው አላወቃትም፤ ከኋላ ሲያያት ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ያቺ ቀጭን አንገት ዞር አለችና ለያት። ሚልካ ዘላ፣ በአየር ላይ እግሯን ወርውራ፣ አሰልጣኟ የያዘችውን የምት መለማመጃ ፓድ ጧ አድርጋ መታች። ጉንጯ በርበሬ መስሏል። እየሳቀች ነበር።

ማናሴ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ገባ።

ሚልካ አየችው። ያን ጊዜ የሆነውን ነገር ማናሴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሲያስታውሰው ይኖራል። ልጅቱ ሳቋን አቋረጠች፣ ትከሻዋ ወረደ፣ እንደ ከባድ ዕቃ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ደረቷ ላይ አሳረፈች። ከአንድ አፍታ በፊት ስትዘል የነበረችው ልጅ አባቷን ስታይ ታመመች።

አሰልጣኟ ሑስና ትባላለች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሂጃቧን ከአንገቷ ሥር ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ድምጿን ብዙም ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። መጀመሪያ ሚልካን አየቻት፤ ቀጥላ ማናሴን አየችው፤ የገባት መሰለ። ልጆቹን ውሃ እንዲጠጡ አሰናበተችና ወደ እሱ መጣች።

"የሚልካ አባት ነዎት?" አለችው።

"ልጄ የልብ በሽተኛ ናት፤ አልተነገረሽም?"

"ተነግሮኛል። ሐኪሟንም አነጋግሬያለሁ።"

"ሐኪሙ አዲስ አበባ ነው ያለው። እዚህ አብሯት የሚኖረው ማነው?"

ሑስና አልተከራከረችም። ልጁን ይዞ መሄድ መብቱ እንደሆነ፣ መመለስ ከፈለገችም በሩ ክፍት እንደሆነ ብቻ ነገረችው። ማናሴ ሚልካን አቅፎ ወጣ። ልጅቱ ትከሻው ላይ አገጯን አሳርፋ፣ አዳራሹ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ ትመለከት ነበር።

ያን ምሽት ራት ላይ ባልና ሚስቱ ተጣሉ። ማናሴ ሶፊ ስለ ዋሸችው ተቆጣ፤ እሷም መዋሸቷ ጥፋት እንደሆነ አልካደችም። ቀጥሎ ልጅን ጠብ ማስተማር ምን ይጠቅማል አለ፤ ሶፊ እዚያ እስካሁን ሲጣላ ያየችው ልጅ እንደሌለ ነገረችው። ደግሞ ለሰው ጎንበስ እያሉ ይሰግዳሉ፣ ይሄ ከእምነታችን ጋር አይሄድም ሲል፣ ሶፊ ሳቋ አመለጣት፤ እሱ ራሱ መንገድ ላይ ሽማግሌ ባገኘ ቁጥር ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። የማናሴ ምክንያት ሁሉ ሲያልቅ ሶፊ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ማናሴ፣ ልጅቱ የምትታመመው አንተን ስታይ ነው። እኔ ጋ አትታመምም፣ እዚያም አትታመምም። ዛሬ ዐይተሃታል።"

እውነቷን ነው፤ ዐይቷል።

በማግስቱ ከቢሮው ወጥቶ ኮንቴይነሮቹ በተደረደሩበት ጥላ ሥር ቆሞ ዶክተር ኪዳነወልድ ጋ ደወለ። ስለ ዝላይ ጠየቀው፣ ስለ ምት ጠየቀው፣ ደረቷ ላይ ብትመታስ አለው። ዶክተሩ ልጆቹ ሲጋጠሙ መከላከያ እንደሚለብሱ፣ ቁስሉ ከዳነ ዓመታት እንዳለፉ፣ ልቧም የሱን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው። ማናሴ ያንኑ ጥያቄ ሌላ መልክ ሰጥቶ ደገመው። ዶክተሩም፣ "አቶ ማናሴ፣ እሷን ከክትትል ልናስወጣት ነው። እርስዎን ግን መቼ እንደምናስወጣ አላውቅም" አለው። ቀልዱ ለስለስ ያለ ነበር፤ ማናሴን ግን ስልኩን ከዘጋ በኋላም አልተወውም።

ከሳምንት በኋላ ሚልካን ራሱ ይዟት ሄደ። ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ እሱ እዚያው ተቀምጦ ያያል። ሑስና ወንበር ሰጠችው። ማናሴ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የውሃ ጠርሙስ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ ልጁ በተነፈሰች ቁጥር አብሯት እየተነፈሰ ተቀመጠ። ሚልካም እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከመጀመሯ በፊት ዞር ብላ ታየዋለች። እሱ ፊቱን ቅጭም ካደረገ እግሯ ከጉልበቷ በላይ አይነሳም። "ደህና ነሽ?" የሚለው ጥያቄ ከአፉ ባይወጣም ፊቱ ላይ ተጽፎ ታነበዋለች፤ መልሷም እጇን ደረቷ ላይ ማድረግ ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ ካለፈ በኋላ ሑስና አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። እንዳይከፋው ቃላት እየመረጠች፣ ልጅቱ ከእሷ ይልቅ የአባቷን ፊት እየተከተለች እንደሆነ ነገረችው። ቀጥላ የጠየቀችው ነገር ግን ያልጠበቀው ነበር።

"ከውጭ ይቀመጡ። ሩቅ አይሂዱ፤ እዚሁ መስኮቱ ሥር። እርስዎ ይስሟት፣ እሷ ግን አትይዎት።"

ማናሴ እንቢ ሊል ነበር። ሚልካ ከመስመሩ ውስጥ ሆና ሁለቱን እያፈራረቀች ስታያቸው ግን ተነሳ።

ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማናሴ ከመስኮቱ ሥር ያለችው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቱ ላይ ይረጭበታል፤ ባጃጆች ይመላለሳሉ፤ እሱ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚሰማው የልጆች ጩኸት አንድ ላይ የተደባለቀ ነበር። ቀስ በቀስ መለየት ተማረ። ያ ጎርነን ያለው የደሊል ነው፤ ከሚልካ ጋር አንድ ክፍል የሚማር፣ ጥርሱ የወለቀ ልጅ። ያ የሚንቀጠቀጠው የትንሿ ልጅ ነው። የሚልካን ግን ለረጅም ጊዜ አላገኘውም። ሌሎቹ እግራቸውን ሲወረውሩ "ያ!" ብለው ይጮሃሉ፤ እሷ ዝም ብላ ነው የምትወረውረው።

ሑስና መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የምታጠፋው ምት በማስተማር አልነበረም። አወዳደቅ ታስተምራቸዋለች፤ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ክንድን ዘርግቶ ምንጣፉን መምታት፣ ተንከባሎ መነሳት። አተነፋፈስ ታስተምራቸዋለች። ተራ መጠበቅ፣ የተመታን ጓደኛ እጁን ይዞ ማንሳት፣ አንድ ነገር ሲያቅታቸው ሳያለቅሱ እንደገና መሞከር። "ጃባዻ፣ ጃባዻ፣ በርቱ!" ትላለች በኦሮምኛም በአማርኛም፤ ስትቆጣ ግን ዝም ነው የምትለው፤ ዝምታዋን ከጩኸት ይልቅ ይፈሩታል።

አንድ ቀን ማናሴ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ፣ በእረፍት ሰዓት ደሊል ሚልካን ሲጠይቃት ሰማ። የልብሷ አንገት ተከፍቶ ጠባሳዋን አይቶት ኖሯል። ቤት ውስጥ ሚልካ ያን ጠባሳ ለአክስቶቿ እንኳ አታሳይም። ማናሴ ሊነሳ አሰበ፤ ገብቶ ልጁን ዝም ሊያሰኘው።

"ልቤን ጠግነውልኝ ነው" አለች ሚልካ።

"ያምሻል?"

"ድሮ ነው፤ አሁን አያመኝም።"

"የኔ እዚህ ጋ አለ፤ ባጃጅ ገጭቶኝ" አለ ደሊል፤ ሱሪውን ሲሰበስብ የልብሱ ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የትኛው ጠባሳ እንደሚረዝም ሲከራከሩ እረፍቱ አለቀ። ማናሴ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ እንደገና ተቀመጠ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሶፊ ብቻ ነገራት፤ እሷም ሰምታ ስትጨርስ "ድገመው" አለችው።

ከዚያ ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ትናንሽ ነገሮች ተለወጡ። ምግብ ላይ ስትለመን የኖረች ልጅ እንጀራ አልበቃኝም ማለት ጀመረች። ጠዋት ጫማዋን ራሷ ታስራለች፤ አባቷ ጎንበስ ሲል እግሯን ትሰበስባለች። ትምህርት ቤት እጇን አውጥታ መመለስ እንደጀመረች መምህርቷ ለሶፊ ነገረቻት። አንድ ቀን ደግሞ ታችኛው ደረጃ ጋ ደርሰው ማናሴ ቦርሳውን ወደ ጀርባው ሲያዞር፣ ልጅቱ አጠገቡ አልነበረችም። ከሁለተኛው ፎቅ "አባዬ፣ አትመጣም?" ስትለው ሰማ። ቀስ ብሎ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እሱ ነበር የሚያለከልከው።

ነገር ግን ፍርሃት እንዲህ በቀላሉ ከሰው አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ከመስኮቱ ሥር እንደ ተቀመጠ ከውስጥ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማ፤ ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ። ሁልጊዜ የሚጮሁት ልጆች ሁሉ ዝም አሉ። ማናሴ እንዴት በሩ ጋ እንደደረሰ አያውቅም። ሚልካ በጀርባዋ ተዘርራለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ አየር ግን አልገባላትም። ሑስና አጠገቧ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካለች። ወደ በሩ ሳትዞር አንድ መዳፏን ወደ ማናሴ ዘረጋች፤ ባሉበት ይቁሙ ማለቷ ነው። እሱም፣ ለምን እንደታዘዘ እስካሁን ራሱም ባያውቀው፣ ቆመ።

"ቀስ ብለሽ በአፍንጫሽ አስገቢ። ሆድሽን ልቀቂው። እንደ ተማርነው" አለቻት ሑስና።

ሚልካ አንድ ጊዜ ሲጥ አለች። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ለትንሽ ጊዜ ጣሪያውን ስታይ ቆይታ፣ ተንከባላ ተነሳች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ወደ በሩ አላየችም፤ አባቷ እዚያ እንዳለ አላወቀችም። ሱሪዋን አራግፋ፣ ፊት ለፊቷ ለቆመችው ልጅ ጎንበስ ብላ፣ እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። ልትቀጥል ነው። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ቀጭን፣ ስንጥቅ ያለ፣ ከሌሎቹ ጩኸት ሁሉ በላይ የሚወጣ ድምፅ። ማናሴ ወራት ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ድምፅ ይህ ኖሯል።

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እንባው ሲወርድ ነፋሱ የሚያመጣውን አቧራ ሰበብ አድርጎ ዓይኑን በእጀታው ጠረገ፤ ወዲያው ደግሞ ብቻውን ሳቀ፤ አላፊ አግዳሚው ቢያየውም ግድ አልሰጠውም።

ሚልካ ቢጫ ቀበቶ ባሰረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሑስና ልጆቹን ወደ ደራ እንደምትወስዳቸው ተናገረች። የአካባቢው ከተሞች ታዳጊዎች የሚገናኙበት አነስ ያለ ውድድር ነው፤ ከአሰላም ከኢተያም ልጆች ይመጣሉ። ወላጆች እንዲመጡ ተፈቅዷል። ሶፊ ሱቁን መዝጋት ስላልቻለች ማናሴ ሄደ። ደገፋ የሚባል ሹፌር በሚነዳው ሚኒባስ፣ ሶደሬ መገንጠያን አልፈው፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረው፣ ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ሲዘፍኑ ደራ ገቡ።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። የሚልካ ተጋጣሚ ከኢተያ የመጣች፣ ጸጉሯን ጥብቅ አድርጋ የተሠራች፣ ከሚልካ ግማሽ ጭንቅላት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። የጭንቅላትና የደረት መከላከያ አለበሷቸው፤ ሚልካ በውስጡ ጠፍታ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ማናሴ ከወላጆቹ ጋር ጀርባው ግድግዳ ነክቶ ቆመ።

ጥሩ ጀመረች። ቀድማ ገብታ አንድ ነጥብ አገኘች፤ የአዳማ ልጆች አዳራሹን አናጉት። ከዚያ የኢተያዋ ልጅ ነቃች። እግሯ ረጅም ነው፤ ሚልካ ስትጠጋ ትመታታለች፣ ስትሸሽም ትደርስባታለች። አንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ያረፈው ምት ማናሴን ራሱን የመታው ያህል ወደ ኋላ ገፋው። ሚልካ ግን ወደቀች፣ ተንከባላ ተነሳች፣ እንደገና ገባች። ሰዓቱ ሲያልቅ ዳኛው የኢተያዋን ልጅ እጅ አነሳ።

ሚልካ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ የአሸናፊዋንም እጅ ጨበጠች። ሁሉንም እንደ ተማረችው አደረገች። ከምንጣፉ ወርዳ መከላከያው ሲወልቅላት ግን ፊቷ ተሸበሸበ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ማናሴ ሰው እየገፋ ደረሰባት። ተንበርክኮ የእጇን አንጓ ያዘ፤ ጣቶቹ የልቧን ምት ፈለጉ።

"ሚልኪ፣ የት ጋ ነው? ደረትሽ ነው? ደከመሽ? ውሃ አምጡልኝ!"

ሚልካ እጇን ነጠቀችው።

"ደክሞኝ አይደለም!" አለች እየተንሰቀሰቀች። "ተሸንፌ ነው!"

ማናሴ አፉን ከፍቶ አያት። እንባዋና ንፍጧ ተቀላቅሏል፣ ከንፈሯ ቀይ ነው፣ ጉንጯ ቀይ ነው፣ ዓይኗ በንዴት ያበራል። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። የታመመ ልጅ ልቅሶ ያውቃል፤ መርፌ የፈራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ልጅ ልቅሶ ያውቃል። ይህ ግን ሌላ ነው። ይህ የተሸነፈ ልጅ ልቅሶ ነው፤ በየሰፈሩ፣ በየሜዳው፣ ኳስ የተነጠቀ ልጅ ሁሉ የሚያለቅሰው። ልጁ ተሸንፋ አልቅሳ አታውቅም፤ ምክንያቱም ምንም ውድድር ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ሊያፍነው ሞከረ፤ ባሰበት። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ፤ ዓመታት ሙሉ ትከሻው ላይ ተሸክሞት የኖረው ነገር በዚያ ሳቅ የሚራገፍ ይመስል ነበር።

"ምን ያስቅሃል?" አለች ሚልካ፤ ልቅሶዋን አቋርጣ፤ በጣም ተናዳ።

"ምንም፤ ይቅርታ እናቴ። ጎበዝ ነሽ።"

"ጎበዝ አይደለሁም፤ ተሸነፍኩ እኮ!"

"አዎ፤ ተሸነፍሽ" አለ ማናሴ፤ ቃሉ ለአፉ እንዲህ እንደሚጣፍጠው አላሰበም ነበር። "በደንብ ነው የተሸነፍሽው።"

ሑስና ከኋላቸው ቆማ ነበር። ልታጽናናት አልሞከረችም። የግራ እግሯን ስታነሳ እጇ እንደሚወርድ፣ ሰኞ በዚያ ላይ እንደሚሠሩ ብቻ ነገረቻት። ሚልካ ንፍጧን በእጀታዋ ጠርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ጓደኞቿም ሄደች። ሑስና ለማናሴ በጎድጓዳ ኩባያ ውሃ አቀበለችው፤ "እርስዎ ይጠጡት" አለችው። ጠጣው።

ሲመለሱ አዋሽ መልካሳ ላይ ደገፋ ሚኒባሱን ሲያቆም ለልጆቹ ሸንኮራ ተገዛላቸው። ማናሴ ሚልካ አጠገብ ሊቀመጥ ወደ ኋላ ሲሄድ ወንበሩ ተይዟል። ደሊል ተቀምጦበታል፤ ሁለቱም አፋቸው በሸንኮራ ተሞልቶ ይከራከራሉ። ደሊል ያ ሁለተኛው ምትሽ ነጥብ አልነበረም ይላል፤ እሷ ነበር ትላለች። ማናሴ ከላያቸው ቆሞ ሲያዳምጥ ሚልካ ቀና ብላ አየችው።

"አባዬ፣ እዚህ ቦታ የለም። ፊት ሹፌሩ ጋ ሂድ።"

ሄደ። ከደገፋ ጎን ተቀምጦ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ የሜዳው ሞቃት አየር ፊቱን መታው። ከኋላ ጭቅጭቁ ጦፏል፤ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጥታ "ነበር! ነበር! ማስተር ሑስናን ጠይቃት!" ትላለች።

ደገፋ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ፈገግ አለ። ከነዚህ ውስጥ የትኛዋ የሱ ልጅ እንደሆነች ጠየቀው።

"ያቺ የምትጮኸዋ" አለ ማናሴ።

"እንዴ፣ እሷማ ጤና አትሰጥም!"

"አትሰጥም" አለ ማናሴ፤ ራሱን ወደ መቀመጫው ደገፍ አድርጎ፤ አዳማ እስኪገቡም አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሳይዞር እንቅልፍ ወሰደው።